የካምቢዮ ኮምፒውተር ጥገና በጎንደር፦ ቅዳሜ ገበያ ያገኘሁት ስም የለሽ ሱቅ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ካላችሁና ማርሽ ሲቀይር መምታት ከጀመረ፣ ካምቢዮውን፣ ማለትም ማርሽ የሚቀይረውን ክፍል፣ ከማስወረዳችሁ በፊት የሚያዘውን ኮምፒውተር አስመርምሩ። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚሠራ ልጅ አለ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው። በሩ ላይ «ቲቪ፣ ዲኮደር፣ ኢንቨርተር ይጠገናል» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ስለ መኪና አንዲት ቃል የለም። ሱቁም ስም የለውም። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደከለከልኩት እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን መኪናዋን እወቋት።

ቶዮታ ራቭ ፎር ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2002 ሥሪት። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው፣ ከ2000 እስከ 2005 የተመረተው ነው። ሞተሯ 2.0 ሊትር ቤንዚን። በአራቱም ጎማ ትጎትታለች። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናት። የካምቢዮው መጠሪያ ዩ 140 ኤፍ ነው። ይህን መጠሪያ ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

እኔ የባልትና ነጋዴ ነኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ቅመማ ቅመም አዘጋጃለሁ። ዕቃዬን ራሴ ነኝ የማደርሰው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ማራኪ፣ ደንበኛ ከጠራኝ እስከ ዳባትና ደባርቅ። የኛ ከተማ ዳገት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ጆንያ ጭኖ በዝግታ ዳገት መውጣት አውቶማቲክ ካምቢዮን ያሞቀዋል። መሞቁን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው።

«ሸጠሽ አዲስ አትገዢም?» የሚሉኝ አሉ። በምን ገንዘብ? የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ያለውን አክሞ መያዝ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው ይላሉ። በርበሬ ጭኜ ደባርቅ ደርሼ እስክመለስ የማያሳስበኝ ሲመጣ ያን ጊዜ አስብበታለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ስትሞቅ ግን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስታልፍ ጓ! ታደርጋለች። ከሪቨርስ ወደ ዲ ሲገባም ያው ጓ! ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ተገጨን እንዴ?» ብሎ ዞሮ ያያል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ከዚያ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ።

መካኒኬን ጋሼ ነው የምላቸው። እጃቸው ወርቅ ነው። ነድተው ሞከሩና «ካምቢዮው ተቃጥሏል እታለም፤ መውረድ አለበት» አሉኝ። ወረደ። ተፈታ። ልክ ነበሩ፤ ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ጠቁረዋል፣ ዘይቱም የተቃጠለ ይሸታል። ኪት አስመጣን። ዲስኩ፣ ጎሚኒው፣ ጋስኬቱ ሁሉ ተቀየረ። ይህ ካምቢዮ የሚፈልገው ቲ-ፎር የሚባለው የቶዮታ ዘይት ተሞላ። ከጋራዡ ስንወጣ ማርሹ ሲያልፍ እንኳ አይታወቅም። ፒያሳ ሳንደርስ ሞቀችና፣ ጓ!

ጋሼ መኪናዋን ዳር አስያዙና ዝም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ደግመን እናውርደው» ብሎ የእጅ ዋጋ ያስከፍለኝ ነበር። እሳቸው ግን «ሥጋው ደህና ነው፤ የታመመው ነርቩ ነው» አሉ። «የነርቭ ሐኪም ደግሞ እኔ አይደለሁም።» ልጁን ያገኘሁት በእሳቸው ጥቆማ ነው። የባጃጅ ሲዲአይ፣ ማለትም እሳት የሚሰጠውን ኤሌክትሮኒክስ፣ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ ይባላል፣ የመኪናም ይሞክራል አሉ፤ ጠይቂው አሉኝ። መካኒክ አላውቅም ሲል መስማት ብርቅ ነው፤ ይህን ለእሳቸው መመዝገብ አለብኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ካምቢዮው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል። የሰለቸው ይህችን አንቀጽ ይዝለላት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ወዴት ይሂድ፣ በምን ያህል ግፊት ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ሶሌኖይዶች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ትንንሽ የዘይት ቫልቮች፣ ናቸው። ዩ 140 ኤፍ ውስጥ አምስት አሉ። ኤስ ኤል 1፣ ኤስ ኤል 2 እና ኤስ 4 በማርሽ ቅያሬው ላይ ይሠራሉ። ዲ ኤስ ኤል ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ኮንቨርተር ይቆልፋል። ኤስ ኤል ቲ ዋናውን ግፊት ይመጥናል። ለአምስቱም ትእዛዝ የሚሰጠው ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ የተደበቀ ሳጥን ነው። በዚች መኪና ሞተሩንም ካምቢዮውንም የሚያዘው ያው አንድ ሳጥን ነው። ለኤስ ኤል ቲ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግፊቱ ወደ መጨረሻው ከፍታ ይወጣል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው፤ ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ ነው። ዋጋው ግን ያ ጓ! የሚለው ምት ነው። ትእዛዙ አንዴ መጥቶ አንዴ ሲጠፋ ደግሞ መንሸራተት ይመጣል። ዲስክ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዲስኩ በሳጥኑ ጥፋት ተቃጠለ። ዲስኩ ተቀየረ። ሳጥኑ ግን እንዳለ ነው። አዲሱንም ዲስክ ለመብላት ተቀምጧል።

ይህ የኔ መኪና ዕጣ ብቻ አይደለም። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ራቭ ፎሮች ላይ ማርሽ የሚያስመታው ኮምፒውተሩ ሊሆን እንደሚችል ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለጠጋኞቹ በቴክኒክ ማሳሰቢያ አስታውቋል። እዚያ ለነበሩ ባለቤቶችም የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። የእኛ መኪኖች በዱባይ ዞሩ በአውሮፓ፣ ያ ዋስትና ለእኛ ወሬ ነው። ወሬው ግን ይጠቅማል። «ካምቢዮው ነው» ለሚል ሰው «መጀመሪያ ሳጥኑን እንይ» ለማለት ያስችላል።

ታናሽ ልጄ ኢ ኤል ኤም 327 የምትባል፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ርካሽ መመርመሪያ አለችው። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰካና አነበበልኝ። ፒ0753፣ ፒ0758፣ ፒ1760። የመጀመሪያዋ የኤስ ኤል 1፣ ሁለተኛዋ የኤስ ኤል 2፣ ሦስተኛዋ የኤስ ኤል ቲ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ነው ትላለች። ሦስት ሶሌኖይድ በአንድ ጊዜ ሞተ? ይከብዳል። ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መፈለግ ይሻላል። ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ሶኬቱ፣ ወይ ማሳው (ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው የኔጋቲቭ ገመድ)፣ ወይ ሳጥኑ።

አሁን ወደ ዕቃ ፍለጋው።

ጎንደር ያሉ መለዋወጫ ቤቶች ፍሬን ሸራ፣ ማጣሪያ፣ ኩሽኔታ ብትሉ ሞልቷል። የኮምፒውተር ሳጥን ስትሉ «አዲስ አበባ ነው የሚገኘው» ይሏችኋል። አዲስ አበባ ማለት መርካቶ፣ መርካቶ ማለት ሶማሌ ተራ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሳጥን መርጦ መመለስ ለኔ አይሆንም። ስለዚህ በቴሌግራም ነው የፈለግኩት። ፎቶ ይልካሉ፣ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው በአውቶቡስ መናኸሪያ ይደርሳል። አሠራሩ ለፍሬን ሸራ ግሩም ነው። ለኮምፒውተር ግን ከቁማር አይለይም።

አንድ ነጋዴ፣ ስሙን አልጠራም፣ «የራቭ ፎር ኦሪጅናል፣ ገጥሞ የሚሠራ» ብሎ አንድ አሮጌ ሳጥን ላከልኝ። ሶኬቶቹ ይገጥማሉ። መልኩም አንድ ነው። ጋሼ ሲገጥሙት ሞተሩ ጭራሽ አልነሳም። ለነጋዴው ስደውል «የኔ ዕቃ ጤነኛ ነው፤ መካኒክሽን ቀይሪ» አለኝ። ሳጥኑን መልሶ ለመውሰድ ደግሞ ግማሽ ዋጋ ነው የሚሰጠው። እዚህ ላይ ነው ወደ ቅዳሜ ገበያው ሱቅ ሁለቱንም ሳጥን ይዤ የሄድኩት።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛ አይገባም። መደርደሪያው በተፈታ ቲቪና በዲኮደር ሞልቷል። ልጁ ከሠላሳ ዓመት አይዘልም። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋ አይደለም። «ቁጥሩን አይተውታል እትዬ?» አለኝ።

አላየሁትም ነበር፤ ማንም እዩት አላለኝም። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀመጠና አሳየኝ። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር በ89661 ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው 42 ራቭ ፎርን ያመለክታል። እስከዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ባሉት ሦስት አሃዞች ነው። ነጋዴው ፎቶ ሲልክልኝ እነሱን በጣቱ ሸፍኗቸዋል። ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው እሱ ያውቃል።

ልጁ የተላከልኝን ሳጥን ክዳን ፈታ። ቦርዱ ላይ የካምቢዮው ክፍል መቀመጥ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ቀዳዳዎቹ አሉ፣ ዕቃዎቹ የሉም። «ይህ የማንዋል መኪና ነው» አለ። «ሞተሩ ቢነሳም እንኳ ለካምቢዮው ትእዛዝ የሚሰጥ ነገር የለውም።» ሞተሩ ያልተነሳው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። የኔ መኪና ቁልፏ ውስጥ ቺፕ አለ። ሳጥኑ ቁልፉን ካላወቀ ሞተሩን አያስነሳም። ትክክለኛ ሳጥን ቢገኝ እንኳ ይህ መፈታት አለበት። ወይ ቁልፉን ለአዲሱ ሳጥን ማስተዋወቅ፣ ወይ የቁልፉን መረጃ የያዘችውን ባለ ስምንት እግር ትንሽ ቺፕ ከአሮጌው አንብቦ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። እሱ ሁለተኛውን እንደሚሠራ ነገረኝ። ግን ወዲያው «ለምን ሌላ ይገዛሉ? የራስዎን እንየው እስኪ» አለ።

ይህን ያለው ሰው ዕቃም ይሸጣል። መደርደሪያው ላይ ሌሎች አሮጌ ሳጥኖች አይቻለሁ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። ከአራቱ ኮከብ ግማሹን ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የኔን ሳጥን ሳይነካው በፊት ግን ወደ ጋሼ መለሰኝ። የካምቢዮው ሶኬት ላይ ሶሌኖይዶቹ በቴስተር ይለኩ አለ። ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ኤስ ኤል 1፣ ኤስ ኤል 2 እና ኤስ ኤል ቲ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)። ኤስ 4 እና ዲ ኤስ ኤል ከ11 እስከ 15 ኦም። ልኬቱ የሚሠራው ካምቢዮው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የማሳ ገመዶቹ ይጠረጉ፣ የባትሪ ቮልቴጅ ሞተሩ ሲሠራ ይታይ አለ። ጋሼ ሁሉንም አደረጉ። አምስቱም ሶሌኖይድ በልኩ ውስጥ ናቸው። ባትሪው ደህና ነው። የካምቢዮው ሶኬት ላይ ትንሽ አረንጓዴ ዝገት ተገኘና ተጠረገ። ምቱ ግን አልቀረም። እንግዲህ ሳጥኑ ብቻ ቀረ።

ሥራውን ቆሜ አየሁ። ደንበኛ እንዲያይ አይከለክልም፤ ይህም ነጥብ ነው። ቦርዱን ከውጭ ኤሌክትሪክ ሰጠው። በሶሌኖይዶቹ ፋንታ ከተጣለ ካምቢዮ የወጡ አሮጌ ሶሌኖይዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁሉም ይሠራል። «አዩ፣ ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ነው» አለ። ከዚያ የሴቶች ፀጉር ማድረቂያ አወጣ። እኔ ሳቄ መጣ። ቦርዱ ላይ ትኩስ አየር ነፋበት። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ሶሌኖይድ ዝም አለ። ቀጥሎ ሌላው። ማድረቂያውን ሲያርቀውና ቦርዱ ሲቀዘቅዝ መልሰው ሠሩ።

ከዳገቱ በኋላ የሚመጣው ጓ! ይኸው ነው። መኪናዋ ስትሞቅ ሳጥኑም ይሞቃል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ሲሆን የኖረ የሊድ ነጥብ፣ ማለትም የዕቃው እግር ከቦርዱ ጋር የተበየደበት፣ ይሰነጠቃል። በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ለሶሌኖይዶቹ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ክፍል እግሮች ዙሪያ ቀጭን ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ አለ። በዓይን አይታይም። ቦርዱን የሚሸፍነውን ቫርኒሽ ፈቀፈቀ። አሮጌውን ሊድ በካውያ አንስቶ በአዲስ ተካው። ተሰነጠቀ ብሎ የጠረጠረውን ብቻ ሳይሆን በዚያ አካባቢ ያሉትን ሁሉ ነካ። አንድ ዕቃ ራሱ ደከመ ብሎ ቀየረው። መልሶ ቫርኒሽ ቀባው። ከዚያ ያ ፀጉር ማድረቂያ እንደገና ወጣ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ ረጅም ጊዜ። ሶሌኖይዶቹ አልቆሙም።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ንጽጽሩን ግን ልስጣችሁ። የጥገናው ክፍያ ለአሮጌ ሳጥን ከተጠየቅኩት ሩቡን አይሞላም። ለካምቢዮው ኪትና ለእጅ ዋጋ ካወጣሁት ጋር ሲተያይ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

የጎደለችው ኮከብ? ደረሰኝ የለም። ዋስትናው በቃል ነው። «ከተበላሸ ይምጡ፣ በነጻ ነው» ይላል፤ አምነዋለሁ፣ ግን የሠራውን በጽሑፍ ቢሰጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የቀየረውን ዕቃ ስምና ቁጥር ነገ ሌላ ጠጋኝ ሊፈልገው ይችላል። ቀጠሮውም አይታመንም። «ነገ» ሲል ከነገ ወዲያ ነው፣ ስልክም አይደውልም። እኔ ዕቃ የማደርስላቸው ሰዎች ምጥን ሽሮ እየጠበቁ ነበር። የተከፈቱ ቦርዶች ያለ ሽፋን አቧራ ላይ መቀመጣቸውም አልወደድኩትም። ነግሬዋለሁ። «ልክ ነዎት እትዬ» ብሎ አንዱን በላስቲክ ሸፈነ። ሌሎቹን ሲሸፍን አላየሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእሱ አትጠብቁ። እሱ ካምቢዮ አያውቅም፤ ራሱም ይናገራል። ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሩ መካኒክና እሱ ሲናበቡ ነው የሚሠራው። ጋሼና እሱ በስልክ ሲነጋገሩ መስማት አንድ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነበር። አንዱ «ግፊት» ይላል፣ ሌላው «አምፒር» ይላል። መጨረሻ ላይ ተግባቡ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሌሎቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ከሁለቱ የሰማሁትን ላካፍላችሁ፤ ካምቢዮ ተፈትቶ እያለ መወሰን ያለበት ነገር ነው። ሶሌኖይድ ኦሙ ልክ ሆነ ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዲስክ ሲቃጠል የሚወጣው ብናኝ ውስጡ ገብቶ ያጣብቀዋል። ጋሼ አውጥተው አጥበው፣ ኤሌክትሪክ ሰጥተው ሲንቀሳቀስ አይተው ነው የመለሱት። ይህን ለማድረግ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም፤ የታችኛውን የዘይት ገንዳ መፍታት ይበቃል። አዲስ ከገዛችሁ በርካሹ አትደሰቱ። ማርሽና ግፊት የሚመጥኑት ኤስ ኤል 1፣ ኤስ ኤል 2 እና ኤስ ኤል ቲ እንደ መብራት በርቶ የሚጠፋ ሥራ አይደለም የሚሠሩት። በሚሰጣቸው የኤሌክትሪክ መጠን ልክ ዘይት ያሳልፋሉ። ኦሙ ልክ ሆኖ የዘይት ልኩ የተዛባ ቅጂ ብትገጥሙ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ማርሹ ይመታል። እዚያ ላይ ደግሞ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለማወቅ ጸሎት ያስፈልጋል።

የፍጥነት ሴንሰር ሌላ ነው። ካምቢዮው ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ የሚገባውን ሽክርክሪት፣ ሌላው የሚወጣውን ይቆጥራል። ሁለት ሽቦ ያላቸው ቀላል ነገሮች ናቸው። ያገለገለ ቢሆንም ከአንድ ዓይነት ካምቢዮ ከመጣና ልኬቱ ደህና ከሆነ ይሠራል። ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ የሚለውን ለሳጥኑ የሚነግረው ከካምቢዮው ጎን ያለው ስዊች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማስተካከል ነው። ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ቦታው በጥቂቱ ከተዛነፈ መኪናው በፒ አይነሳም፣ ወይም ሳጥኑ በየትኛው ማርሽ እንዳለ ይሳሳታል። ዕቃ ከመግዛት በፊት ሁለት ብሎን ማላላትና ማስተካከል ነው።

ሳጥን ግዴታ መግዛት ካለባችሁ፣ ማለትም የናንተ ውኃ ገብቶበት ወይም ተቃጥሎ የማይጠገን ከሆነ፣ ሻጩን የሳጥኑን ሙሉ ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። ሁሉም አሃዝ ይታይ። ቁጥሩ ከናንተው ጋር አንድ ካልሆነ አትክፈሉ። ሞተሩ አንድ መሆኑ አይበቃም። ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ፣ ሁለት ጎማ ወይስ አራት ጎማ፣ ቁልፉ ቺፕ ያለው ወይስ የሌለው፣ የየትኛው አገር ገበያ፣ ሁሉም ልዩነት ያመጣል። ለጃፓን ገበያ ዲ-4 የሚባል ሞተር የተገጠመለት ራቭ ፎር አለ፤ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭ ነው፤ የሱ ሳጥን ለኛ አይሆንም። «ይገጥማል» ማለት ሶኬቱ ይገባል ማለት ብቻ ነው።

ሳጥኑ ተመልሶ ሲገጠም፣ ከባትሪው ተለይቶ ስለቆየ የድሮ ትውስታው ጠፍቷል። ሳጥኑ የደከመውን ካምቢዮ ጠባይ ለምዶ ስለነበር ለአዲሱ ዲስክ እንደገና መማር አለበት። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ማርሹ ትንሽ ግር ይለዋል፤ አትደንግጡ፣ በእርጋታ ንዱ። ከዚያ ፈተናው መጣ። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ዳገት ታውቁታላችሁ። ከኋላ ሙሉ ጆንያ በርበሬ ጫንኩ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ጆሯቸውን ቀስረዋል። ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ ያየሁት የሞተሩ ዙር መርፌ ዝቅ ሲል ነው እንጂ የተሰማኝ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን በሙሉ ዳባትና ደባርቅ ተመላልሼበታለሁ። የቼክ ኢንጂን መብራቱም አልበራም።

ያንን የማንዋል ሳጥን ልጁ ለመለዋወጫ ወሰደልኝ፤ ከጥገናው ዋጋ ላይ ቀነሰልኝ። ነጋዴው ሊሰጠኝ ካሰበው ግማሽ ዋጋ ያንሳል፤ ቢሆንም ወደ አዲስ አበባ መልሼ በአውቶቡስ ከምልክ ይሻለኛል።

ልትሄዱ ከሆነ፣ መኪናችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ቅዳሜ ገበያ መቆሚያ የለም፣ ቅዳሜ ቀንማ አይታሰብም። የባትሪውን ገመድ አስነቅላችሁ ሳጥኑን ብቻ በመካኒክ አስወጡት። ቁልፋችሁንና ስህተቶቹ የተነበቡበትን ፎቶ ጨምሩ። ጠዋት ሂዱ፤ መብራት ሲጠፋ ካውያውም ፀጉር ማድረቂያውም አይሠሩም። ስትሰጡትም በወረቀት ላይ የሳጥኑን ቁጥር ጽፋችሁ አስፈርሙት። እኔ ከጠየቅኩት በኋላ ደብተር ገዝቷል ብለውኛል፤ ይጻፍበት አይጻፍበት እናንተ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።